የቮልስን የኋላ እግር በግቢ ውስጥ ማደስ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሉማሜና በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ግዴታው ነው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው የሚያስበው ስለ ፍሬኑ ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። በኩርባው ላይ መኪናዋን መሬት አስይዞ የሚያቆያት ግን የኋላ እግሯ ነው፤ ይህን ክፍል ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ዞር ብሎ አያየውም።

ሥራው በግቢ ውስጥ ይሠራል። ሊፍት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጠንካራ ወለል፣ ጥቂት መሣሪያ፣ አንድ ረዳትና ትዕግሥት ነው። ሥራው ከሁለት ነገር በቀር ከባድ አይደለም፤ እነዚያ ሁለቱ ግን፣ ማለትም የዲግሪው ልክና ተወጥሮ የተቀመጠው ክንድ፣ በግምት የሚሞከሩ አይደሉም። ስለዚህ በእነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ይወቁ

ቮልስ ከኋላ ባሌስትራም ሞላም የላትም። ከኋላ ወንበር ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ወፍራም የብረት ቱቦ አለ። በውስጡ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ የሞላን ሥራ የሚሠራ የብረት ዘንግ ተቀምጧል። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ በቱቦው መሐል በጥርስ ተይዟል፤ አይንቀሳቀስም። የውጭ ጫፉ መካኒኮች ስፕሪንግ ፕሌት የሚሉትን ጠፍጣፋ የብረት ክንድ ይሸከማል። ክንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሰሚያሱን፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ከያዘው ቱቦ ጋር በሦስት ቡሎን ይታሰራል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ክንዱ ይነሣል፣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ከዚያም ይፈታል። ይህን አሠራር ፈርዲናንድ ፖርሽ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ፖርሽ 356 የተባለችው የስፖርት መኪናም ስትወለድ የቆመችው በዚሁ ዓይነት የኋላ እግር ላይ ነበር። ጥንካሬው የተፈተነው ደግሞ በእኛው አካባቢ ነው፦ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃና አቧራ ውስጥ ይካሄድ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርዎ። በእነዚህ አሮጌ ሞዴሎች የሰሚያሱ ቱቦ የሚታጠፈው በካምቢዮው በኩል ብቻ ነው፤ በጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ አይወርድም፤ እየተጋደመ ነው። የመኪናዋ ጀርባ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከሥር ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ዝቅ ሲል ከሥር ወደ ውጭ ይከፈታሉ። በፈጣን ኩርባ ላይ ጀርባዋ ከተነሣ የውጭው ጎማ ከሥሯ ይታጠፍና መኪናዋን ይበልጥ ያነሣታል፤ ቮልስ የምትገለበጠውም በአብዛኛው እንዲህ ነው።

በእኛ አገር የመንገዱን ክፋት አይቶ «ትንሽ ከፍ አድርጋት» የሚል ምክር የማይሰጥ የለም። በዘንጉ ጥርስ ላይ አንድ ጥርስ ማዞር ቀላል ስለሆነ ብዙ ቮልሶች ከፍ ተደርገዋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። ከፍ ያለች ቮልስ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ሆዷን ከድንጋይ ታድን ይሆናል፤ ዓባይ በረሃ ኩርባ ላይ ግን ጎማዎቿ ገና ሳትዞር ከሥር ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ድንጋይ ካስፈራዎ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ልኩን ግን ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ይመልሱ። የዚህ መመሪያ ግብ ያ ነው።

የእርስዎ መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከሥር ገብተው ይመልከቱ። የላስቲክ ቡት በካምቢዮው በኩል ብቻ ካለ የምናገረው ስለ እርስዎ መኪና ነው። በጎማው በኩልም ሌላ መታጠፊያና ቡት ካለ፣ በኋላ የመጣው ዓይነት ነውና የቶርሽን ባሩ አፈታት ይጠቅምዎታል፤ የዲግሪ ልኩ ግን ይለያል።

ሕመሙን ከመፍታት በፊት መለየት

መኪናዋን ባዶዋን፣ በጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። ከኋላ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ይቀመጡና ሁለቱን ጎማዎች ያስተያዩ። አንዱ ከሌላው የበለጠ ከተጋደመ በዚያ በኩል ዘንጉ ደክሟል፣ ወይም ከዚህ በፊት የነካው ሰው በሁለቱ በኩል እኩል አላደረገውም። ሁለቱም ከላይ ወደ ውስጥ ከተጋደሙና የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻውን ካለቀ ጀርባዋ ወርዷል። በከተማው ኮብልስቶን ላይ ከኋላ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ክንዱን የያዘው ጎሚኒ አልቋል፤ ወይም የሾክ አብዞርበሩ ቡሎን ላልቷል። ከቸርኬው ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ከመጣ ፓራኦሊዮው ተበላሽቷል፤ ይህ ዘይት ወደ ፍሬን ሸራ ከደረሰ ደግሞ ሸራውም መቀየር አለበት፤ ታጥቦ የሚድን አይደለም።

ጭነትንም ያስቡ። የቮልስ ጠቅላላ የመሸከም አቅም ሰውን ጨምሮ 380 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ሰው ከተቀመጠ የሚተርፈው አንድ ኩንታል ያህል ነው። በገና ሰሞን ሁለት ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭና፣ በዚያ ላይ አምስት ሰው ይዛ የምትሄድ ቮልስ ብትታደስም ብዙ አትቆይም።

ዕቃ መግዛት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ራንዴላ፣ ግሪስና የካምቢዮ ዘይት አይቸግርም። ለቮልስ ብቻ የሚሆነውን ዕቃ ግን አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ወርዶ መፈለግ ነው። የሚያስፈልግዎ ለሁለቱም ወገን የክንዱ ጎሚኒ (ለአንድ ወገን የውስጥና የውጭ፣ በጠቅላላው አራት)፣ ሁለት ሾክ አብዞርበር፣ ሁለት የካምቢዮ ቡት ከነማሰሪያው፣ ለሁለቱም ጎማ ፓራኦሊዮና አብረውት የሚመጡት የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው።

ጎሚኒ ሲገዙ በጥፍርዎ ይጫኑት። ጥሩ ላስቲክ ጥፍርዎን ተቀብሎ ይመለሳል። ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ላስቲክ ሳይሠራበትም ይደርቃልና አዲስ ነው ብለው አይታለሉ። የውስጡና የውጭው ቅርፅ አንድ አይደለም፤ የግራና የቀኙም ሊለይ ይችላልና አሮጌውን ፈትተው ይዘው መሄዱ ይሻላል። ቶርሽን ባር ግን ሳይሰበር አይግዙ። ከሌላ መኪና የወጣ ወፍራም ዘንግ «ጠንካራ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ይህን ያስታውሱ፦ የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ስለሚያድግ ከ22 ወደ 24 ሚሊ ሜትር መሄድ እግሩን 40 በመቶ ያህል ያደነድነዋል። የደነደነ ጀርባ ያላት ቮልስ በጭቃ ላይ መንሸራተቷ ይቀድማል።

ከመሣሪያ 36 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ከረጅም ማንሻና ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ቧንቧ ጋር፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፎች፣ የሚንከባለል ክሪክ፣ ሁለት የብረት ስታንድ፣ ጠንካራ ሰንሰለት፣ ረጅም ፈሮ፣ ስለታም መሮ፣ ውሃ ልክና ዲግሪ የሚያነብ ማዕዘን መለኪያ ያዘጋጁ። ስልክ ላይ ያለው ማዕዘን መለኪያም ይሠራል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ብረት ላይ አስደግፈው ከተጠቀሙበት ግማሽ ዲግሪን በደንብ ያሳያል።

ሥራውን በበጋ ያድርጉት። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው ዝናብ ከግቢ ጭቃ ላይ ክሪክ ማቆም አይገባም፤ የተከፈተ ካምቢዮ ውስጥም ውሃ መግባት የለበትም። ከአንድ ቀን በፊት በሁሉም ቡሎኖች ላይ የሽቦ ብሩሽ ያስኪዱና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጡ። ከሌለ ናፍጣ ቀስ ብሎ ይሠራዋል።

ማንሣትና መደገፍ

በኋላ ጎማው መሐል ያለውን የ36ቱን ዳዶ ማላላት የሚገባዎ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ነው፤ ያውም ፓራኦሊዮ የሚቀይሩ ከሆነ ብቻ። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፣ የዳዶውን መያዣ ሽቦ ነቅለው በቧንቧ የረዘመ ማንሻ ያላሉት። በስታንድ ላይ በቆመች መኪና ይህን ያህል ጉልበት መጠቀም እሷን ከስታንዱ መጣል ነው።

ከዚያ ያንሡና ስታንዶቹን በወፍራሙ ቱቦ ሥር፣ ከጫፉ ሽፋን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ያስቀምጡ። ሞተሩ ሥር አይደግፉ። የድንጋይ ክምርም፣ የባሕር ዛፍ ግንድም፣ ብሎኬትም ድጋፍ አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ስታንድ ከሌለዎ ብየዳ ቤት ከወፍራም ቧንቧና አንግል ብረት ያሠሩ፤ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ገንዘብ የማይሰሰትበት እሱ ነው። ጎማ ፈትተው ሲያበቁ መኪናዋን በሁለት እጅ በኃይል ይነቅንቋት። ካልተንቀሳቀሰች ይግቡ።

መፍታት

አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ። የቀኙ ሲፈታ የግራው ማስታወሻዎ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ምንም ሳይላላ፣ ክንዱ ከሰሚያሱ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ላይ በመሮ አንድ ቀጭን ጭረት ሁለቱንም ብረት አቋርጣ እንድታልፍ ያድርጉ። በቀለም ወይም በጠመኔ አይሁን፤ ይጠፋል። የክንዱ ቀዳዳዎች ረዣዥም ስለሆኑ ቱቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የኋላ ጎማ ቀጥታ የሚወሰነውም እዚያ ነው። ያቺ ጭረት ከሌለች መኪናዋ ከታደሰች በኋላ ወደ ጎን እየሳበች ትሄዳለች፤ ጎማም ትበላለች።

የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከማንሻው ሥር ያላሉ። ክሪኩን በሰሚያሱ ቱቦ ጫፍ ሥር አድርገው ክብደቱን ይያዙ፣ የሾክ አብዞርበሩን የታች ቡሎን ያውጡ፣ ሦስቱን ቡሎኖች ይፍቱ፣ ቱቦውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ከክንዱ ያላቅቁ። የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ እንዳይወጠር ዓይንዎ ከሱ አይለይ፤ የሰሚያሱን ቱቦ በሱ ላይ አያንጠልጥሉ።

አሁን አደገኛው ክፍል ነው። ክንዱ ከሰሚያሱ ቢላቀቅም ነጻ አይደለም። በወፍራሙ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለ የብረት ማቆሚያ ላይ ዘንጉ እንደተጠመዘዘ ተቀምጧል፤ ከማቆሚያው በድንገት ካመለጠ ወደ ታች የሚመታው ኃይል እግር ይሰብራል። በክንዱ ጫፍና ከላይ ባለው የሾክ አብዞርበር ማሰሪያ ዙሪያ ሰንሰለት ላላ አድርገው ይዘርጉ፤ ቢያመልጥ ሩቅ እንዳይሄድ ነው። ክሪኩን በክንዱ ጫፍ ሥር አድርገው ከማቆሚያው በጥቂቱ እስኪነሣ ከፍ ያድርጉ። አራቱን የሽፋን ቡሎኖች ፈትተው ሽፋኑንና የውጭውን ጎሚኒ ያውጡ። ክንዱን በፈሮ ወደ ውጭ፣ ከማቆሚያው በላይ እስኪያልፍ ይግፉት፤ ከዚያ ክሪኩን በጣም በዝግታ ያውርዱ። ረዳትዎ ክሪኩን ሲያወርድ እርስዎ በጎን ይቁሙ። ፊትዎም ጉልበትዎም ከክንዱ ፊት ወይም ሥር አይሁን።

ሰንሰለቱን ከማንሣትዎ በፊት ክንዱ ሙሉ በሙሉ መፈታቱን በእጅ ነካ አድርገው ያረጋግጡ።

ዲግሪውን ማንበብ

ክንዱ እንደተንጠለጠለ፣ ከዘንጉ ሳያወጡት ይለኩ። መጀመሪያ የመኪናዋን ገላ ዝንባሌ በበሩ ሥር ባለው ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ያንብቡ። ቀጥሎ ክንዱን በእጅዎ ላላው እስኪጠፋ ብቻ ቀለል አድርገው አንሥተው ዲግሪውን ከላይ ጠርዙ ያንብቡ። ገላዋ ወደ ኋላ 1 ዲግሪ ካዘቀዘቀች ከክንዱ ንባብ 1 ይቀንሱ፤ ወደ ፊት ካዘቀዘቀች 1 ይደምሩ። ውጤቱን በወረቀት ይጻፉ። ሌላውንም ወገን ሲፈቱ እንደዚሁ ያድርጉ።

ከ1960 እስከ 1966 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) የፋብሪካው ልክ 17 ዲግሪ ተኩል ነው። በ1967 የመጣው ማመጣጠኛ ዘንግ ያለው ደግሞ 20 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ወገኖች በመካከላቸው ከ1 ዲግሪ በታች ልዩነት ካላቸውና ከፋብሪካው ልክ ብዙ ካልራቁ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ዘንጉን አያውጡ። ጎሚኒ ብቻ ይቀይሩና ይዝጉ። እንዳለ የሚበቃ ዘንግ እየነቀሉ ማየት ሥራ ማብዛት ብቻ ሳይሆን ጥርሱን የማበላሸት ዕድል መክፈት ነው።

ልዩነት ካለ ወይም ዘንጉ ተሰብሮ ከሆነ ይወጣል። የፓራፋንጎውን የፊት ለፊት ቡሎኖች ፈትተው ገፋ ካላደረጉት ዘንጉ ለመውጣት ቦታ አያገኝም። ከማውጣትዎ በፊት የዘንጉንና የክንዱን አቀማመጥ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። መሐል ላይ ተሰብሮ የውስጡ ቁራጭ ቱቦው ውስጥ ከቀረ የሌላውን ወገን ዘንግ አውጥተው በረጅም ብረት ከዚያ በኩል ይግፉት፤ ቱቦውን መቁረጥ አያስፈልግም።

ዘንጉን ሲይዙ እንደ ሌላ ብረት አይዩት። ቀለሙን አይፋቁ፣ በሽቦ ብሩሽ አይቧጩ፣ በመሮ አይምቱ፣ በፍጹም አይበይዱ። ዘንጉ በየቀኑ ስለሚጠመዘዝ አንዲት ጭረት ወይም አንዲት የዝገት ጉድጓድ ስንጥቁ የሚጀምርባት ቦታ ትሆናለች። በጨርቅና በናፍጣ ያጥቡት፣ በብርሃን ላይ እያዞሩ ይመልከቱት። ዝገት ከቆዳው አልፎ ጉድጓድ ካበጀ ይቀየር። ጫፉ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት አለ። ዘንጎቹ በፋብሪካ በየአቅጣጫቸው ተጠምዝዘው ስለተሠሩ ግራው ወደ ቀኝ አይገባም፤ ቢገባ ቶሎ ይሰበራል።

የጥርሶቹ ሒሳብ

የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭው 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፤ ውጭውን አንድ ጥርስ ማዞር 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱም ለብቻቸው በጣም ትልቅ ናቸው፤ «አንድ ጥርስ ከፍ አድርጋት» የሚለው ምክር አደገኛ የሆነውም ለዚህ ነው። ጥቅሙ ያለው በልዩነታቸው ነው። ውስጡን አንድ ጥርስ ክንዱ ወደሚወርድበት አቅጣጫ አዙረው ክንዱን በውጭው ጥርስ ላይ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ቢመልሱት፣ ጠቅላላው ለውጥ 50 ደቂቃ፣ ማለትም ከ1 ዲግሪ ያነሰ ይሆናል። ይህ በጎማው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ግራው 17 ዲግሪ ተኩል፣ ቀኙ 15 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ካነበበ ልዩነቱ 1 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ነው። በቀኙ በኩል ውስጡን ሁለት ጥርስ ወደ ታች፣ ውጭውን ሁለት ጥርስ ወደ ላይ ያድርጉና እንደገና ይለኩ። ልኩ እስኪደርስ ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት የሥራው ባሕርይ ነው፤ አይሰልቹ። በአንድ ወገን ብቻ የሚያስተካክሉ ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ፋብሪካው ልክ የቀረበውን ወገን እንደ መነሻ ይያዙ።

ቡት፣ ፓራኦሊዮና ኩሽኔታ

በዚህ ሞዴል የካምቢዮው ዘይት በሰሚያሱ ቱቦ ውስጥ እስከ ጎማው ኩሽኔታ ይደርሳል። ስለዚህ ቡቱን ወይም ፓራኦሊዮውን ሳይነኩ መጀመሪያ ዘይቱን ያፍስሱ። ታምቡሩን ካወጡ በኋላ የፓራኦሊዮው ቤት ሲከፈት የራንዴላዎቹንና የቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ፎቶ ያንሡ። ሲመለስ የሽፋኑ የማፍሰሻ ቀዳዳ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ወደ ላይ ከሆነ ያፈሰሰው ዘይት ሁሉ ፍሬን ውስጥ ይገባል። ኩሽኔታውን በጣትዎ ያዙሩት፤ ለስላሳ ከሆነና ካልተንገጫገጨ ይተዉት።

ለሁለት የተከፈለው ቡት ስፌቱ ወደ ኋላ፣ በአግድም እንዲያይ አድርገው ያስገቡት። ወደ ታች ካየ ዘይት ያንጠባጥባል። ማሰሪያዎቹን አሁን አያጥብቁ፤ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እግሩ በልኩ ከተቀመጠ በኋላ ይጠበቃሉ፤ አለዚያ ቡቱ ተጠምዝዞ ይቀደዳል።

መመለስ

የወፍራሙን ቱቦ ጫፍ ከዝገት ያጽዱና ቀለም ይቀቡ። የዘንጉን ጥርሶች ግሪስ ይቀቡ። ጎሚኒውን ግን ግሪስም ዘይትም አይንካው፤ ላስቲኩን ያበሰብሰዋል። የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ያስገቡት። «ኦበን» የሚል የጀርመንኛ ጽሑፍ ካለበት ያ ወገን ወደ ላይ ይሁን።

ክንዱን በምልክቱ መሠረት አስገብተው፣ ዲግሪውን ለመጨረሻ ጊዜ ለክተው፣ የውጭውን ጎሚኒና ሽፋኑን ያስቀምጡ። አዲስ ጎሚኒ ወፍራም ስለሆነ ሽፋኑ በመደበኛ ቡሎን አይደርስም። ሁለት ረዣዥም ቡሎኖች በተቃራኒ ቀዳዳዎች አስገብተው ሽፋኑን በእኩል ይሳቡ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይዝጉት። ከዚያ ሰንሰለቱን መልሰው አስረው ክንዱን በክሪክ ያንሡ። መኪናዋ ራሷ ከስታንዱ መነሣት ከጀመረች ወዲያው ያቁሙና ኋላ ወንበር ላይ አንድ ኩንታል እህል ወይም ሲሚንቶ ይጫኑ። ሰው ግን አይቀመጥባት። ክንዱ ከማቆሚያው በላይ ሲደርስ በፈሮ ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ሽፋኑን እየሳቡ ያጥብቁት፣ ሁለቱን መደበኛ ቡሎኖች ያስገቡ፣ ረዣዥሞቹን በመደበኛዎቹ ይተኩ። ክሪኩን ሲያወርዱ ክንዱ ማቆሚያው ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት።

የሰሚያሱን ቱቦ ወደ ፊት አምጥተው ጭረቷ ከጭረቷ እስክትገጥም ያስተካክሉ፣ ሦስቱን ቡሎኖች በ11 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ ያጥብቁ። ሾክ አብዞርበር በጥንድ ይቀየራል፤ ከመግጠምዎ በፊት ቀጥ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይሳቡትና ይጫኑት፤ በመሐል ባዶ ቦታ ካለው ለሻጩ ይመልሱት።

የ36ቱ ዳዶ ልክ 30 ኪሎ ግራም ሜትር፣ ማለትም 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ልኩን የሚያነብ ቁልፍ ከሌለዎ መኪናዋን መሬት ላይ አውርደው፣ ፍሬን ይዘው፣ ማንሻውን በአግድም ያድርጉና ከዳዶው መሐል ልክ 1 ሜትር ላይ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የተመዘነ 30 ኪሎ ክብደት ያንጠልጥሉ። ማንሻው መውረድ ሲያቆም ልኩ ደርሷል። የመያዣው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን መልሰው አያላሉ፤ ወደፊት ያጥብቁት። ላልቶ የቀረ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል፤ የተበላ ታምቡር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬንም ጎማም ያሳጣል።

የካምቢዮውን ዘይት በ2 ሊትር ተኩል ኤስ ኤ ኢ 90 ይሙሉ።

መሬት ላይ ከወረደች በኋላ

ከስታንድ የወረደች ቮልስ ጎማዎቿ ከሥር ተሰብስበው ስትታይ አይደንግጡ። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዷት፤ ትቀመጣለች። አሁን የቡቱን ማሰሪያዎች ያጥብቁ፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ያስተካክሉ። ሁለቱን ጎማዎች ከኋላ ሆነው እንደገና ያስተያዩ፤ ከሁለቱም ወገን ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ይለኩ።

የጎማ ንፋስ የዚህ ሥራ አካል ነው። በቮልስ ከኋላ ከፊት የበለጠ መሆን አለበት፦ ከፊት 17፣ ከኋላ 25 ፒ ኤስ አይ ያህል። ጎሚስታው እንደ ሌላ መኪና አራቱንም 30 ቢሞላልዎ ጀርባዋ በኩርባ ላይ ቀድሞ እንዲያመልጥ አድርጓልና ልኩን በግልጽ ይንገሩት።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ላይ ይሁን፤ በዝግታ፣ ባዶዋን። ተመልሰው የሽፋኑን አራት ቡሎኖች፣ ሦስቱን የሰሚያስ ቡሎኖችና የሾኩን ቡሎኖች እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ጎሚኒ ስለሚቀመጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላሉ። ቸርኬው ውስጥና ቡቱ ሥር ዘይት መኖሩን በደረቅ ጣት ይፈትሹ። ደረቅ ከሆነ ዓባይ በረሃን ወርዳ መውጣት ትችላለች፤ ከአዲስ አበባ ስትመለስም ያንኑ ቡሎን ሁሉ አንድ ጊዜ ደግመው በቁልፍ ይንኩት።